ከ400 ዓመት በኋላም ደመኛ

ይህን ፊልም ከሁሉ ኋላ ያየሁት እኔ ነኝ። ድልይብዛ ካለው የወጣቶች ኅብረታችን ግማሾቹ በስልካቸው፣ ሌሎቹ ደባርቅ ለትምህርት ቤት ተከራይተው በቆዩበት ጊዜ አይተውታል። አንድ ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ ሁለት ልጆች ግቢው ውስጥ ዱላ ይዘው ሲጫወቱ አንደኛው «ዘጠና ስምንት! ዘጠና ዘጠኝ!» እያለ ሲቆጥር ሰማሁት። ምን እንደሚቆጥር ጠየቅሁት። «የገደላቸውን ነዋ፣ መምህር» አለኝ። ማን እንደ ገደለ ስጠይቅ ሁለቱም ተያይተው ሳቁ። በየዳ ውስጥ ባይራቫን የማያውቅ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ፍላሹን ተቀብዬ መጀመሪያ ብቻዬን አየሁት። ከዚያ ከወጣቶቹ ጋር ሁለት ማታ ከፍለን በላፕቶፕ አየነው፤ ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ስለሚወስድ ባትሪው በአንድ ማታ አይዘልቀውም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ከተነሣው ክርክር የመጣ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፦ ፊልም አያችሁ ብዬ ልገሥጻችሁ አልተነሣሁም። ፊልሙን እኔም ወድጄዋለሁ። የምጽፈውም ስለ ወደድሁት ነው፤ ያልወደድነው ነገር እምብዛም አያታልለንም።

ፊልሙ «ማጋዲራ» ይባላል፤ ታላቅ ጀግና እንደ ማለት ነው። እኛ «የሕንድ ፊልም» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ብዙ ዓይነት ነው። አባቶቻችን በከተማ ሲኒማ ቤቶች ተሰልፈው ያዩዋቸው አብዛኞቹ በሂንዲ ቋንቋ ቦምቤይ የተሠሩ ነበሩ። ይህኛው የቴሉጉ ፊልም ነው። ቴሉጉ በደቡብ ምሥራቅ ሕንድ፣ በአንድራ ፕራዴሽና በቴላንጋና የሚነገር፣ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው፤ የፊልሞቹ ዋና ከተማም ሃይደራባድ ናት። ዳይሬክተሩ ኤስ ኤስ ራጃሙሊ ሲሆን ታሪኩን የጻፈው አባቱ ቪጃዬንድራ ፕራሳድ ነው። ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009፣ በእኛ ሐምሌ 2001 ነው። ራም ቻራን ሃርሻንም ባይራቫንም ሆኖ ይተውናል፤ ካጃል አጋርዋል ኢንዱንም ልዕልት ሚትራቪንዳንም ሆና ትሠራለች። ሙዚቃው የኪራቫኒ ነው፤ ይኸው ሰው ራጃሙሊ በኋላ በሠራው «አር አር አር» ፊልም ውስጥ ባለው «ናቱ ናቱ» ዘፈን እ.ኤ.አ. በ2023 ኦስካር ተሸልሟል። «ማጋዲራ»ም በሕንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት በልዩ የምስል ቅንብርና በውዝዋዜ ሁለት ሽልማት አግኝቷል።

በእጃችን የገባው ቅጂ በአማርኛ የተተረጎመ ነው። ትርጉሙን የሚያሰማው አንድ ሰው ነው፤ ለንጉሡም፣ ለልዕልቲቱም፣ ለክፉውም ድምፁን እየለወጠ ይናገርላቸዋል። አንዳንዴ ከተዋንያኑ ይልቅ እሱን ለመስማት እንጓጓ ነበር። ባይራቫ ሰይፉን ሲመዝ ተርጓሚው እንደ ጎንደር ፎካሪ ያስጮኸዋል። ፊልሙ ቶሎ የእኛ የሆነው ግማሹ በዚህ ይመስለኛል።

ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሃርሻ በሃይደራባድ በሞተር ሳይክል ውድድርና ትርኢት የሚኖር ወጣት ነው። አንድ ቀን በባጃጅ ሲያልፍ፣ ባጃጅ ለማስቆም እጇን የዘረጋች የአንዲት ልጅ ጣት ጣቱን ይነካዋል። እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል፤ የማያውቀው ትዝታ ብልጭ ይልበታል። ፊቷን አላየም። ሲፈልጋት ይውላል፤ አይታችኋት ይሆን ብሎ የሚጠይቃትም ራሷን ኢንዱን ነው፤ እሷ ግን መሆኗን ደብቃ ታንከራትተዋለች። ራጉቪር የሚባል ዘመዷ ደግሞ ኢንዱን ይመኛታል። አባቷን ገድሎ በሃርሻ ያሳብባል፣ እሷንም በሄሊኮፕተር ይዟት ይሄዳል። ሃርሻ ጣቷን ነክቶ ወደ ውኃ ሲወድቅ ሁሉም ትዝ ይለዋል፦ ከ400 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1609፣ እሱ ካላ ባይራቫ የሚባል የንጉሥ ጦረኛ፣ እሷ የንጉሡ ልጅ ሚትራቪንዳ ነበሩ። (በዚያ ዓመት እኛ ዘንድ ዐፄ ሱስንዮስ ነግሠው ነበር፤ የጎንደር ግንብ ገና መሠረቱ አልተጣለም። 400 ዓመት ምን ያህል እንደሆነ ለልጆቹ የገባቸው ይህን ስነግራቸው ነው።) ራጉቪርም ያን ጊዜ ራናዴቭ ቢላ የሚባል፣ ልዕልቲቱን የተመኘ ሰው ነበር። በውድድር ተሸንፎ ከአገር ሲባረር ሼር ካን ከሚባል ወራሪ ጋር ተባበረ። ፍጻሜው ገደል አፋፍ ላይ ሆነ፦ ሚትራቪንዳ በቢላ እጅ ወደቀች፣ ባይራቫ ቢላን ገደለው፣ ከዚያ ተከትሏት ወደ ገደሉ ዘለለ። እወድሻለሁ የሚለው ቃል ሳይነገር ቀረ። ያን ቃል ለመናገር ነው እንግዲህ ሃርሻ ሆኖ የተመለሰው።

የመጀመሪያው አጋማሽ ደካማ ነው ብል አትቀየሙኝ። ቀልዱ ይረዝማል፤ ዘፈኖቹ ላይ ካሜራው የሴት ልጅን ገላ እንደ ገበያ ዕቃ እያዞረ ያሳያል። እነዚያን ቦታዎች ስንደርስ አሳለፍኋቸው፣ ልጆቹም ሳቁብኝ። ስለዚህ ነገር በየኅብረታችን ብዙ ተነግሯልና አልጨምርበትም። የእኔ ስጋት ያለው ማንም «አሳልፈው» በማይለው ቦታ ነው።

ያ ቦታ የመቶው ፍልሚያ ነው። የባይራቫ ወገኖች እያንዳንዳቸው ሳይሞቱ መቶ ጠላት ይጥላሉ የሚባልላቸው ናቸው። ሼር ካን ይህን ሰምቶ ይንቃል፤ በጠባብ ድልድይ ላይ መቶ ወታደሮቹን ይሰድበታል። አሠራሩን ማድነቅ ይገባል። ራጃሙሊ አንድ ሰው መቶ ሰው ሲጥል እንድናምን ቦታውን አጥብቦታል፤ በዚያ ድልድይ ላይ በአንድ ጊዜ የሚመጣው ጥቂት ሰው ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ገደል ነው። በሲሜን ላደገ ሰው ገደል ጌጥ አይደለም፤ በጠባብ መተላለፊያ የቆመ አንድ ሰው ስንቱን ሊያቆም እንደሚችል አያቶቻችን ያወሩልናል። ባይራቫ ይቆስላል፣ ይንገዳገዳል፣ እንደ ገና ይነሣል። ልጆቹ እየቆጠሩ ነው። በሁለተኛው እይታዬ እኔም ስቆጥር ራሴን ያዝሁት።

ያን ጊዜ ነው መቶኛው ሰው የታየኝ። መቶኛው ወታደር ወደ ድልድዩ ሲገባ ዘጠና ዘጠኙ ጓደኞቹ ምን እንደሆኑ አይቷል። ይሸሽ ይሆናል ብለን አንጠብቅም፣ ፊልሙም እንዲሸሽ አይፈቅድለትም። ስም የለውም። እናት የለችውም። ፊቱ እንኳ በደንብ አይታይም። ቁጥሩን ለመሙላት ነው የመጣው። ከሁሉም የሚያስፈራው ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው እኛ ማወቃችን ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ፣ ከሩቅ ሆኖ ለሚሰማው ቁጥር ነበሩ። እዚህ ግን የእገሌ አባት፣ የእገሊት ልጅ ነበሩ። ከዚያ ወዲህም ሰላም አልበዛልንም። የሞተ ሰው ሲቆጠር ደስ የሚለን ስሙን ስላላወቅን ብቻ ነው።

በአማርኛችን «ገዳይ» የሚለው ቃል አስቸጋሪ ቃል ነው። ፖሊስ ሲጽፈው ወንጀለኛ ነው፤ በሠርግ ቤት ፎካሪ ሲያወጣው ሙገሳ ነው። በቀረርቶና በፉከራ ያደገ ጆሮ የመቶውን ፍልሚያ ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። ሕንዶቹ የነገሩን አዲስ ነገር አይደለም፤ ቤታችን ያለውን በቀለምና በሙዚቃ አስጊጠው መለሱልን።

እዚህ ላይ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «መምህር፣ ሳምሶን እኮ 1000 ገድሏል» አለኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። የዚያን ማታ የመለስሁለት አላረካኝም፤ አሁን አስቤበት ልመልስ። መጽሐፈ መሳፍንት የሳምሶንን ኃይል አይደብቅም፤ የሳምሶንን መጨረሻም አይደብቅም። ዓይኑን አጥቶ እንደ ከብት ወፍጮ ሲፈጭ ያሳየናል። ከሞቱ በኋላም አገሩ ሰላም አላገኘም፤ የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፎች እስራኤል ከወንድሙ ከብንያም ጋር ሲተላለቅ ነው የሚያሳዩት። ዳዊትም በዘፈን ተቆጥሮለታል፤ የሴቶቹ ዘፈን ግን ሳኦልን በቅናት አሳበደው እንጂ ለማንም በረከት አላመጣም። በኋላ ቤተ መቅደስ ልሥራ ሲል የተከለከለበት ምክንያት በዜና መዋዕል ተጽፏል፦ ብዙ ደም አፍስሶ ነበር። ከሁሉ በፊት የፎከረው ደግሞ ላሜሕ ነው። በዘፍጥረት 4 ለሁለት ሚስቶቹ ሰው መግደሉን እያወራ በቀሉን በሰባና በሰባት ያበዛል። ጌታችን ለጴጥሮስ ስለ ይቅርታ ሲመልስለት ያን የላሜሕን ቁጥር አንሥቶ ወደ ይቅርታ ያዞረው ይመስለኛል። ሁለቱም ይቆጥራሉ። የሚቆጥሩት ነገር ግን አንድ አይደለም።

ወደ ዳግም መወለዱ ነገር ልምጣ። ይህን ራጃሙሊ የፈጠረው አይደለም፤ ብዙ ሕንዳውያን ከልባቸው የሚያምኑት ነው፣ ሊያሾፉበትም አይገባም። ነገር ግን በሂንዱ ትምህርት ውስጥ መወለድና መሞት፣ እንደ ገና መወለድ፣ የሚናፈቅ ነገር አይደለም፤ ሰው ሊፈታበት የሚደክምለት እስራት ነው። ፊልሙ እስራቱን ወስዶ የፍቅር ሽልማት አድርጎታል። በዚህ ሕይወት ያልጨረስኸውን በሚቀጥለው ትጨርሰዋለህ ይለናል። እኛ የተማርነው ሌላ ነው። የሰው ሞት አንድ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀን ሁለተኛ ልደት ሳይሆን ፈራጁ መሆኑን ዕብራውያን ምዕራፍ 9 ያስተምራል። ይህን ስል ሌላ እጅ ወጣ፦ «ዮሐንስ መጥምቅ ኤልያስ ነው አልተባለም ወይ?» ደግ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ወጣቶች ይጠይቁታልና ልለፈው አልችልም። ኤልያስ መጀመሪያውኑ አልሞተም፤ ሕያው ሆኖ ነው የተወሰደው። በተራራው ላይም ሙሴና ኤልያስ በየስማቸው ታዩ እንጂ ኤልያስ ዮሐንስን ሆኖ አልታየም። ሉቃስ ምዕራፍ 1 ዮሐንስ በኤልያስ መንፈስና ኃይል እንደሚመጣ ይናገራል፤ ዮሐንስ ራሱም አንተ ኤልያስ ነህን ሲሉት አይደለሁም ብሏል።

ይህ የትምህርት ጉዳይ ነው፣ በአንድ ማታ ጥናት ይፈታል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ የዳግም መወለዱ ሌላው ወገን ነው። ፍቅር 400 ዓመት ከዘለቀ ጥላቻም 400 ዓመት ዘልቋል። ራጉቪርን ተመልከቱት። ገና ሲወለድ ቢላ ነው። ሊመለስ፣ ሊጸጸት፣ ሌላ ሰው ሊሆን የሚችልበት አንዲት ደቂቃ አልተሰጠውም። ኢንዱን ሊነካ ሲል እንኳ የማያውቀው ጦረኛ በአንገቱ ላይ ሰይፍ ሲያሳርፍ ይታየዋል። ክፋቱን አላቃልልም፤ የገዛ አባቱን የገደለ ሰው ነው። ፊልሙ ግን ክፉ የሆነው በሠራው ሥራ ብቻ ሳይሆን ከ400 ዓመት በፊት በተጻፈበት ዕዳ ነው እያለን ነው። የራጃሙሊ ሌሎች ፊልሞችም ይህንኑ ይደጋግማሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በሠራው «ኢጋ» የተገደለ ወጣት ዝንብ ሆኖ ተወልዶ ገዳዩን ይበቀላል። በ2015 እና በ2017 በወጡት ሁለቱ «ባሁባሊ» ፊልሞች ልጅ አባቱ ላይ የተፈጸመውን ሰምቶ አጎቱ የሆነውን ንጉሥ ይገድላል። ሰውየው እጅግ የተካነ ባለሙያ ነው፤ አንድ እምነቱ ግን አይለወጥም፦ ሞት ሒሳብ አይዘጋም፣ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል።

እኛ አገር ደግሞ ለዚህ ዝንብ ሆኖ መወለድ አያስፈልግም። አባት ሲሞት ልጅ ይወርሰዋል። ገና ሳይጠነክር «የአባትህ ደም አልተመለሰም» እየተባለ የሚያድግ ልጅ አለ። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ደም ደርቋል ከተባለ በኋላም በጠላ ቤት በአንዲት ቃል እንደ ገና የሚረጥብ አለ። ደመኛ የሚለው ስም ራሱ ያደረገውን ብቻ አይጠራም፤ ወንድሙን፣ የአጎቱን ልጅ፣ ያልተወለደውንም ይጠራል።

ሁለተኛው ማታ ፊልሙ አልቆ ላፕቶፑን ስዘጋ ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ፤ አንድ ልጅ ግን ቀረ። ፈቅዶልኝ ነው ይህን የምጽፈው፣ ስሙንና ቀበሌውን ግን አልጽፍም። ከእነዚያ ቤቶች የአንዱ ልጅ ነው። ጋቢውን እያስተካከለ «ሃርሻ ዕድለኛ ነው፣ መምህር» አለኝ። ፍቅሩን በማግኘቱ ያለ መስሎኝ ፈገግ አልሁ። «ደመኛውን አገኘዋ» አለ። «ከ400 ዓመት በኋላም ቢሆን አገኘው።»

ወንድሞችና እህቶች፣ መምህር ተብዬ ብዙ ጊዜ መልስ አላጣሁም፤ ያን ማታ ግን አጣሁ። ስለ ይቅርታ የማውቀው ጥቅስ ሁሉ ከእኔ ይልቅ እሱ በቃሉ ያውቀዋል፤ እኔው ነኝ ያስጠናሁት። የወጣኝ ስለ ፊልሙ ብቻ ነው። «ባይራቫ እኮ ቢላን ያን ጊዜውኑ ገድሎት ነበር» አልሁት። ዝም ብሎ አየኝ። «ደሙ ያን ጊዜ ተመልሷል። ታዲያ ለምን አላለቀም?» ትንሽ አሰበና «ፊልም ስለሆነ ነው» አለ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ራጃሙሊ ሳያስበው እውነቱን የተናገረበት ቦታ ይህ ይመስለኛል። ባይራቫ ሊበቀል የሚችለውን ሁሉ ተበቅሏል፤ ቢላ በእጁ ሞቷል። ከ400 ዓመት በኋላ ሁሉም ሰው እዚያው ገደል አፋፍ ላይ ተመልሶ ይቆማል። መግደል ጠላቱን እንጂ ጠላትነቱን አልጨረሰውም።

ጠላትነት በእርግጥ ያለቀበት አንድ ሰው በፊልሙ ውስጥ አለ፤ ልጆቹም እኔም መጀመሪያ ስናይ አልፈነዋል። እሱም ሼር ካን ነው። አገር ሊወር የመጣ ነው። መቶ ወታደሮቹን የሰደደው እሱ ነው። መቶው ሲያልቁ ግን የሚቀጥለውን መቶ አይሰድም። በደም የተነከረውን ጠላቱን በአድናቆት ያየዋል፣ እንደ ወዳጅም ይቀበለዋል። ተዋናዩ ስሪሃሪ ይህን ብዙ ሳይናገር፣ በፊቱ ብቻ ነው የሚያሳየን፤ በፊልሙ ሁሉ ከእሱ የበለጠ ትወና አላየሁም። ባይራቫ ሲሞት የሚያዝነው እሱ ነው። በአሁኑ ዘመንም ሰለሞን የሚባል ዓሣ አስጋሪ ሆኖ ሃርሻን ከውኃ የሚያወጣው እሱ ነው።

ልብ በሉልኝ፤ ሼር ካን የተለወጠው ሞቶ፣ ተወልዶ፣ 400 ዓመት ቆይቶ አይደለም። በአንድ ከሰዓት ነው፣ በቁሙ ሳለ። ፊልሙ ሰው የሚለወጠው በሚቀጥለው ሕይወት ነው እያለ፣ ምርጡ ትዕይንቱ ግን በዚሁ ሕይወት ሲለወጥ ያሳያል። መለወጡ ሙሉ ነው አልልም። ለሞቱት መቶ ወታደሮቹ አንዲት እንባ አላፈሰሰም፤ የማረከውም የባይራቫ ፍቅር ሳይሆን የባይራቫ ሰይፍ ነው። የእኛ መቶ አለቃ በመስቀሉ ሥር የተሸነፈው ምንም ያልገደለ፣ ተገድሎም ይቅር በላቸው ብሎ የጸለየ ሰው ፊት ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ቢሆንም ከዚህ ፊልም ለወጣቶች አንድ ቦታ ብቻ አሳይ ብባል የማሳየው ይህንኑ ነው።

ሃርሻ በሞተር የሚበርባት ሃይደራባድ ለእኛ ለአማኞች ሌላም ታሪክ አላት። ባክት ሲንግ የተባለው ወንጌላዊ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ2000 ያረፈው እዚያ ነው። በፑንጃብ በሲክ ቤተሰብ ተወለደ፤ ተማሪ ሳለ የተሰጠውን መጽሐፍ ቅዱስ ቀዳዶ ጥሎት ነበር። በኋላ ካናዳ ሲማር ያንኑ መጽሐፍ አንብቦ ለጌታ ተማረከ፣ አገሩም ተመልሶ ዕድሜውን ሙሉ ሰበከው። ለዚህም ሁለተኛ ልደት አላስፈለገውም፤ ወይም ያስፈለገው ኢየሱስ ለኒቆዲሞስ የነገረው ዓይነት ልደት ነው፣ እሱም ሳይሞቱ የሚወለዱት ነው።

አንዲት እህታችን ደግሞ ማንም ያላሰበውን ጠየቀች። «መቶው ሰው ሲሞት ሚትራቪንዳ ምን ትሠራለች?» አለች። ወንዶቹ «ታያለቻ» አሉ። «ይኸው ነው?» አለች። ይኸው ነው። ባይራቫ ይዋጋላታል፣ ቢላ ይመኛታል፤ አባቷ ልጄ በወጣትነቷ ባሏ እንዳይሞትባት ብሎ ፈርቶ ባይራቫን ተዋት ይለዋል፤ ባይራቫም በሰው ሁሉ ፊት አይሆንም ይላታል። ሁለቱ ወንዶች በመዋደድም በመከባበርም ነው ይህን ያደረጉት፤ እሷን ግን የጠየቃት የለም። ኢንዱም ነፃ የምትመስለው ሃርሻን በምታንከራትትበት በዚያ ደካማ ባልሁት የመጀመሪያ አጋማሽ ብቻ ነው። ለካ ያን ክፍል ቸኩዬ ነቅፌዋለሁ፤ ኢንዱ የራሷ ሐሳብ ያላት እዚያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ዕቃ ተጭና የምትሄድ፣ ተጭና የምትመለስ ትሆናለች። ጠለፋ እኛ ዘንድ የፊልም ነገር አይደለም። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥበት የነበረው የድሮው አንቀጽ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ እናቶቻችን የኖሩት ከዚያ በፊት ነው። ልጅቱ ይህን ሁሉ አልተናገረችም። «እኔ ብሆን ድልድዩ ላይ ገብቼ ቁሙ እላቸው ነበር» ብቻ አለች፤ ወንዶቹ ሳቁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። እኔ አቢግያን አስታወስኋት፤ ዳዊት ሰይፉን ታጥቆ ናባልን ሊጨርስ ሲወርድ በመንገድ የተቀበለችውን ሴት፣ 1ኛ ሳሙኤል 25። የመጪው ወር ጥናታችን እሱ ይሆናል፣ እሷ ታስጠናለች።

ሌላ ኅብረት ፊልሙን አብሮ ማየት ቢፈልግ የምመክረው በአንድ ማታ እንዳትጨርሱት ነው፤ ከመቶው ፍልሚያ በኋላ አቁሙትና ሼር ካን አሁን ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ጋ ከሃያ ልጆች አንድም «ይቅር ይለዋል» ያለ አልነበረም።

ያ ልጅ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ፍላሹን ጠየቀኝ። የትኛውን ክፍል ሊያይ እንደሆነ ስጠይቀው «የሰለሞንን» አለኝ፤ ሼር ካን ማለቱ ነው። ሰጠሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም።